ዳኜ ዘፌርፋክስ ለንጉሠ ቻይና እንዳልሰገዱ

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለዳኜ ዘፌርፋክስ። በ፳፻፬ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ቤንዚን በጋሎን ከአራት ዶላር በዘለለበት ወራት፣ ጋሽ ብርሃነመስቀል በአጥቢያችን ሽማግሌዎች ላይ በሠለጠኑ በስድስተኛው ዓመት፣ ጌታ ዳኜ፣ ርእሰ መዘምራን፣ መኰንነ ካምሪ፣ የእሑድ ማይክ ባለቤት፣ በፊልም ላይ ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። ከባልድዊን ሂልስ ግርጌ ባለ ስቱዲዮ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ነገሠ የቻይና ንጉሥ ፊልም ይሠራ ነበርና፣ ለንጉሡ ቀጭኔ ገጸ በረከት አድርገው የሚያቀርቡ አፍሪካውያን መልእክተኞች ስለ ጠፉ፣ የፊልሙ ሰዎች በፌርፋክስ ጎዳና ወዳለው ሰፈራችን ወደ ሊትል ኢትዮጵያ ወርደው ቁመናው ያማረውን መረጡ። ዳኜም ተመረጡ፤ ባለ ሱቁ ወሎዬው ኑሩም ተመረጠ። ያን ጊዜ ዳኜ በኑሩ ሱቅ ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ኦዲሽን አድርጌ ፓስ አድርጌያለሁ። ሶ፣ ፊቴን በትልቁ ስክሪን ካላያችሁ ዳኜ አትበሉኝ።»

አዋጁም ከጋሽ ብርሃነመስቀል ጆሮ ደረሰ። እሳቸው የጥንት ቻይና ፊልም ሲያዩ እራት የሚረሱ ሰው ነበሩና፣ በዚያ አገር ንጉሥ ፊት የቀረበ ሁሉ ግንባሩን መሬት እንደሚያስነካ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር። ስለዚህ እሑድ በጉባኤ መካከል ተነሥተው፦ «ቅዱሳን፣ ለሰው የተንበረከከ የጌታን ማይክ አይይዝም። አክቲንግ ነው ብትሉኝም ያው ነው። ኦኬ?» ብለው አወጁ። ሕዝቡም አሜን አለ። ከሁሉ አብልጦ አሜን ያለው አምላኩ የሚባለው ነበር፤ እርሱም የጋሽ ብርሃነመስቀል የእህት ልጅ ሆኖ፣ ከማይክ በቀር ምንም እንዳልጎደለው ራሱ የሚመሰክር ዘማሪ ነው።

ዳኜም ጭንቅ ያዛቸው። ፊታቸውን ይወዱ ነበር፤ ማይኩንም ይወዱ ነበር፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ማትረፍ ደግሞ የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ።

ቀኑ በደረሰ ጊዜ መልእክተኞቹ ቀይ ካባ ተደርቦላቸው የስግደት መምህር ተሾመላቸው፤ እርሱም ሦስት ጊዜ መውደቅን፣ በየውድቀቱም ግንባር ማስነካትን ያስተምራቸው ጀመር። ኑሩ ጥቂት አየና፦ «ወላሂ፣ ይኼ ለአላህ ነው እንጂ ለአክተር አይደለም» ብሎ፣ ካባውን አጥፎ መልሶ፣ ያለ አጀብ በአውቶቡስ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ዳኜ ግን ንጉሡ ገና ሜካፕ ላይ ስለ ሆነ ስግደቱ ለማንም አይቆጠርም ብለው በትጋት ተማሩ፤ መምህሩም እንደ እሳቸው የሚወድቅ ሰው አላየሁም ሲል አደነቃቸው።

ንጉሡም ወጥቶ በዙፋኑ ተቀመጠ። ለዳኜ የቀጭኔዋ ገመድ ተሰጣቸው፤ ቀጭኔዋ ግን አልነበረችም፤ ኋላ በኮምፒውተር ትሣላለች ተብሎ፣ አረንጓዴ የለበሰ ሰው በረጅም እንጨት ጫፍ የቴኒስ ኳስ ሰክቶ በእርሷ ስፍራ ቆሞ ነበር። ከበሮው ሲመታ መልእክተኞቹ ሁሉ ነፋስ እንደ መታው ጤፍ ተኙ፤ ዳኜ ብቻ ገመዳቸውን ጨብጠው ቆሙ። ዳይሬክተሩ በሜጋፎን ቢቆጣ፣ ከከተማው መካነ አራዊት በቀር ቀጭኔ አይተው የማያውቁት ዳኜ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሰር፣ ቀጭኔ ያገሬ እንስሳ ነች። ገመድ ያዥዋ ቤንድ አድርጎ ካጎነበሰ ትደነብራለች፤ ከደነበረች ንጉሡን ትረግጠዋለች። ይኼን የማያውቅ አፍሪካዊ የለም።» ዳይሬክተሩም ሌላ አፍሪካዊ ጠይቆ ማጣራት ከበደውና፦ «የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንደ ቆመ ይቀረጽ» ብሎ አዘዘ። እንዲህም ፊትም ማይክም ዳኑ።

በዓመቱ፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ፊልሙ ወጣ፤ ዳኜም ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ሲኒማ ቤት ተጓዙ። መዘምራኑ በቫን ታጭቀው ቀደሙ፤ የሊሞና የኤርፖርት ሻትል ነጂዎች ተራቸውን ትተው ተከተሉ፤ ከፒኮ ሮበርትሰን የመጡ እናቶችም የፖፕኮርን ዋጋ ስላስመረራቸው ዳቦ ቆሎ በቦርሳቸው ሸሽገው ደጀን ሆኑ። በካምሪዋ ፊት ወንበር ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ ከኋላ የዳኜ ባለቤት ወይዘሮ ሥርጉት ተቀመጡ። ዳኜ መኪናዋን ከመንገዱ ዳር ፓርክ ሲያደርጉ ሥርጉት፦ «ዳኜ፣ ሳይኑን አንብብ። ከአራት እስከ ሰባት ፒኤም ቶው አድርገው ይወስዳሉ ይላል» ብለው አወጁ፤ ንጉሥ ያላስደነገጣቸው ሰው ግን የምልክት ቆርቆሮ አላስደነገጣቸውም።

ፊልሙም ወደ ቀጭኔዋ ደረሰ። እጅግ አምራ ተሥላ ነበር፤ ነገር ግን ትከሻዋን በዳኜ ፊት ጣል አድርጋ ስለ ቆመች፣ ከእሳቸው የቀረው ገመድ የያዘ እጅና ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ጉልበቶች ብቻ ነበር። ዳኜ አንገታቸውን ደፉ፤ የዓመት ጉራቸው ቀጭኔ ሥር ተቀበረ። ጋሽ ብርሃነመስቀል ግን በጨለማው መካከል ተነሥተው፦ «ጉልበቱ ቆሟል። ማይኩ ይጽናለት» ብለው አወጁ። የአምላኩም ዳቦ ቆሎ ከእጁ ተበተነ።

ከዚህ በኋላ ወጡ፤ አራት ሰዓትም አልፎ ነበር። ካምሪዋን አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሥቶ በመጎተቻ መኪና ተንጠልጥላ አገኟት። ያን ጊዜ ዳኜ፣ በሠራዊታቸው ሁሉ ፊት፣ በሾፌሩ እግር ሥር ወደቁ። ሦስት ጊዜ ወደቁ፤ ሦስት ጊዜም ግንባራቸውን አስፋልት አስነኩ፤ መምህሩ ካስተማራቸው አንዲት አላጎደሉም። ሾፌሩ እንዲህ ያለ ክብር ከተወለደ አይቶ አያውቅምና ደንግጦ መኪናዋን አወረደ።

ጋሽ ብርሃነመስቀልም በዚያችው በዳነችው ካምሪ፣ በፊት ወንበር፣ ቀበቷቸውን አስረው እስከ ደጃቸው ተሸኙ። ከደረሱም በኋላ፦ «ወንድም ዳኜ፣ ስለ ራይዱ ተባረክ። ጉልበትህ ግን ለሰው ወድቋል፤ ሁላችንም ዊትነስ ነን። ከመጪው እሑድ ጀምሮ ማይኩን አምላኩ ይይዛል» ብለው አወጁ። ዳኜ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው በሩን ከፈቱላቸው። ይህን መጎንበስ ጋሽ ብርሃነመስቀል አልቆጠሩባቸውም።

ኑሩ በዚያ ሰዓት ሱቁ ውስጥ ሽሮ ይመዝን ነበር። ለንጉሥ አልሰገደም፣ ለሾፌርም አልሰገደም፤ ስለዚህ ዜና መዋዕል የጻፈለት የለም።

ክብር ግን ለዳኜ ዘፌርፋክስ፣ ዘኢሰገደ ለንጉሠ ቻይና፣ ወሰገደ በእንተ ካምሪ። ጉልበታቸው ይጽና፤ ፊታቸውን ከቀጭኔ ይሰውርላቸው፤ ሳይን የሚያነቡበትንም ዓይን ያብራላቸው፤ አሜን።