የበር ላይ ጨዋነት

በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» ሲባባሉ ምሳው የሚቀዘቅዝባቸውን ሰዎች ታውቃላችሁ። እነዚሁ ሰዎች የመኪና መሪ ሲጨብጡስ አይታችኋል?

እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። እዚሁ ሐዋሳ የሚያስተምር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሲገባ ግን ጨዋነቱን ከጃኬቱ ጋር አውልቆ የኋላ ወንበር ላይ ይጥለዋል መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ እሁድ ቀን፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ምሳ ጋብዞት እየነዳ ይሄዳል። መናኸሪያ አጠገብ ከፊቱ የነበሩ አዛውንት መኪናቸውን አቁመው ዓሣ የያዘች ሴት አሻገሩ። ሴትዮዋ ለመሻገር ስምንት ሰከንድ ቢፈጅባት ነው። እሱ ግን ዕድሜው እዚያው ያለቀ ይመስል ጥሩምባውን ለቀቀው። በጎን ሲያልፋቸውም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አንተ ሽማግሌ፣ ቤትህ አትቀመጥም?» አላቸው።

የባልደረባው በር ላይ ደርሶ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ከኋላው መጡ። ፊታቸውን ልብ ብሎ ሳያይ፣ እንደ ልማዱ ጎንበስ አለና «ይግቡ አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ። ቀና ሲል እኚያው አዛውንት ናቸው። ለካ የጋባዡ አባት ኖረዋል።

«አይ ልጄ፣ አንተ ግባ» አሉት ረጋ ብለው። «ቅድም ቸኩለህ ነበር።»

ምሳው ምን እንደነበር አላስታውስም። አዎ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።

አሁን አሁን አደባባይ ስደርስ በር ላይ የቆምኩ ይመስለኛል፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ ሰው አሳልፋለሁ። ከኋላዬ ጥሩምባውን የሚያስጮህ አይጠፋም። እሱንም በደንብ አውቀዋለሁ።