ውሃ ቀማሹ ሲ ቡሰልሃም

ወንዝ የሌለው መንደር ሞልቷል፤ ሊቅ የሌለው ወንዝ ግን የለም። ስንት ሰዓት ነው ብትሉት ስለ ገባር ወንዝ ይነግራችኋል። ጥርሴን አመመኝ ብትሉት የምትጠጡትን ውሃ ምንጭ ይጠይቃችኋል። የእኛው ሊቀ አፍላግ ክቡር ሲ ቡሰልሃም ናቸው።

የእኛ ወንዝ ሰቡ ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ ቤቱ መግባት እንዳስጠላው ባል ይጠማዘዛል እንጂ ቀጥ ብሎ ባሕር አይገባም። ከሰሜን ወርጋ ጭቃውን ተሸክሞ ይቀላቀለዋል፤ ከደቡብ በህት ይመጣል። ምስኪኑ ርዶም ደግሞ ሰቡን ሊያገኝ ጥቂት ሲቀረው ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ፈልጌ አላጠናሁትም። ሲ ቡሰልሃም ናቸው ሻይ በተጠጣ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀበሩት።

እሳቸው ሻይ አይጠጡም፤ ይመረምራሉ። "መጀመሪያ ምንጩን!" ይላሉ፤ ጉንጫቸው ውስጥ ያንከባልሉና ፍርድ ይሰጣሉ። "የበህት ነው። አሸዋ አለው።"

"ኧረ የጉድጓድ ነው ሲ ቡሰልሃም!" ትላለች እናቴ።

"ጉድጓዱስ ከየት አመጣው? ከኪሱ?"

አንድ ጊዜ ካርታ የያዘ መሐንዲስ ከከተማ መጣ። ሲ ቡሰልሃም ካርታውን ገልብጠው አዩ፣ አቃንተው አዩ፣ መለሱለት። "ልጄ፣ ሥዕሉ ያምራል። ወንዙ ግን አምና ከዚያ ለቋል።" መሐንዲሱ ተቆጥቶ በካርታው ሄደ። ከሰዓት በኋላ መኪናውን በአራት በሬ ጎትተን አወጣንለት። አይሳሳቱም ማለቴ አይደለም። ጉንፋንም፣ የስኳር መወደድም፣ የአክስቴ ሳልም ለእሳቸው ከወርጋ ነው የሚመጣው።

ጣጣው ሰውንም በወንዙ መመዘናቸው ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ጠሙ የምትባል የርዶም ዳር ልጅ ላገባ ተነሳሁ። አባቴ ምክር ቢጠይቃቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "የርዶም ሰው ደግ ነው። ግን እንደ ወንዙ ነው፤ ጀምሮ አይደርስም።" በዚህች ቃል አባቴ ሦስት ወር አመነታ። ሽማግሌውን ሰቡ ውስጥ ብገፈትራቸው ብዬ ተመኝቻለሁ፤ አልዋሽም።

እንደ ምንም ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ሰማይ ተቀደደ። ያኔ ወርጋ ላይ ግድብ አልነበረም። ጠዋት ስንነሳ ሜዳው ሐይቅ ሆኗል፤ ቤቶቻችን ብቻ ጉብታቸው ላይ ቀርተዋል። ሙሽራዋ የምትመጣበት ፈረስ እንደተሸለመ ቆሞ ጎርፉን ያያል። ኩስኩሱ በስሏል። በቀኗ ያልገባች ሙሽራ ገደ ቢስ ናት ይባላል፤ አባቴ ደግሞ ድሮም ሰበብ ነበር የሚፈልገው። "ዛሬ ካልገባች ቀርቷል" አለ።

"አላልኩህም?" አሉት ሲ ቡሰልሃም። "ርዶም አይደርስም።"

አለቀስኩ። በአዲስ ጀለቢያ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

ሲ ቡሰልሃም አዩኝ። "ጂላሊ፣ ውሃ አነሰና ነው አንተ ደግሞ የምትጨምርበት?" አሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው የሸምበቆ ታንኳቸውን ፈቱ። "ና ግፋ!"

ለእኔ ውሃው ሁሉ አንድ ነው፤ ቡናማ፣ ጫፍ የሌለው። እሳቸው ጣታቸውን ይነክራሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ። "የሰቡ ነው፣ እለፈው… ወርጋ! ገልብጦ ይጨርሰናል፣ ወደ ግራ!" ሸምበቆው ጋ ስንደርስ ፊታቸው በራ። "ጨው ጨው ይላል! ይኸውልህ ርዶም፣ እዚህ ተደብቆ!" ጣታቸውን እየጠቡ፣ ማንም በማያየው ወንዝ ላይ እየመሩ የጠሙ አባት ደጅ አደረሱኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስን። ጉብታው በእልልታ ተናጋ። ጠሙ ሂና በተቀባ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ያቺን ቃል ሰምታ ኖሯል፣ ዞር አለችባቸው።

"ሲ ቡሰልሃም፣ ርዶም ይኸው ደረሰ።"

"እኔ ባልጎትተው የት ይደርስ ነበር?" አሉ፣ አፋቸውን እየተጉመጠመጡ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሆዳቸውን ይዘው ተኙ። "ወርጋ ነው" ብለው ፈረዱ።

ዛሬ ዘጠና ሊደፍኑ ነው። ዓርብ ዓርብ እኛ ቤት ኩስኩስ ይበላሉ፣ ከዚያ ሻዩን ጉንጫቸው ውስጥ ያንከባልላሉ። "የበህት ነው። አሸዋ አለው።"

ጉድጓዱን የቆፈርኩት በገዛ እጄ ነው።

"የበህት ነው፣ ሲ ቡሰልሃም" እላቸዋለሁ። ጠሙ ሁለተኛ ትቀዳላቸዋለች።