ለስብሰባ የቀረበው ዓሣ

ስብሰባ ሳይጠራ ውሃ የማይጠጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ዘመን የደባርቁ ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንደዚያ ነበር።

ጣት ሲያህል ከጣና በጣሳ ያመጣሁት ዓሣዬ አደገና የመስታወት ገንዳው ጠቦት እንደ ማጭድ ታጠፈ። "ሳይሞትብኝ በቀበሌው ኩሬ ልልቀቀው" ብል ሦስት ስብሰባ ተጠራበት። አንዱ "መደቡ ይጣራ" ይላል፤ ሌላው "ጾም አይደል? ወጥ ይሁን!" ይላል። እንዲህ ያለ ሸንጎ ዓሣ ያድናል?

በአራተኛው ስብሰባ መሃል ብድግ ብዬ ወጣሁ። ዓሣዬን በሊጥ ቡሃቃ ተሸክሜ ኩሬው ውስጥ ለቀቅሁት።

ሊቀመንበሩ ተሰብሳቢውን አስከትሎ እየሮጠ ደረሰ። "ጓዲት! ገና ድምፅ አልተሰጠበትም እኮ!"

"እንግዲያው ይግቡና ያውጡት ጓድ ሊቀመንበር፤ ከዚያ ድምፅ እንሰጥበታለን" አልሁት።

ከዚያ ሁሉ ሰው ጫማውን ያወለቀ አልነበረም።