ወንዙ መሐል የቆመው አፈ መንግሥት

ጭቃ ሹም አዝመራው ገና በልጅነቱ ከሞት አፍ የተመለሰ ሰው ነበር። ፈንጣጣ ሲይዘው ከቤት አውጥተው ከገብስ ማሳው ዳር በተቀለሰች ጎጆ አስገቡት። ያስታመመችው ቀድሞ ፈንጣጣ ወጥቶላት የዳነች አክስቱ ናት። እናቱ ግን በሽታው ይዟት ስለማያውቅ ከአጥሩ አታልፍም፤ ቅንጬውን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላዋ ትመለሳለች። ከዚያች ጎጆ በእግሩ ሲወጣ ፊቱ በረዶ የመታው የባቄላ ቅጠል መስሎ ነበር። "ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራኝ ነገር አልተፈጠረም" ይል ነበር። ባለቤቱ ምህረቴ ስትጣራ ግን ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

የአዝመራው ዓይነት ሰው የሌለበት አገር የለም። መንግሥት ሩቅ ነው። ድምፁ እስከ መንደር ስለማይደርስ በየአጥቢያው አንድ አንድ አፍ ያበጃል። ያ አፍ አዲሱን ትእዛዝ ከሁሉ በፊት ይሰማል፤ ከሁሉም በፊት ይሰደባል። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ያ አፍ አዝመራው ነበር። ጭቃ ሹምነቱ ብቻ አነሰበት ብለን "አፈ መንግሥት" የሚል ማዕረግ ጨመርንለት። ፊት ለፊት በአክብሮት እንጠራዋለን፤ ዞር ሲል እንስቃለን። እሱ ሁለቱንም እንደ ሹመት ተቀብሎ ኖረ።

አዋጅ ሲመጣ በፈረሱ ሆኖ ቅዳሴ እስኪወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይጠብቃል። ጥሩምባውን ይነፋና "ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይላል። አስቀድሞ በአማርኛ ነው። ያን ጊዜ ጀርባው ይቀናል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ፈረሱ እንኳ አንገቱን ቀና የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ በአገውኛ ይደግመዋል። አሁን ልጓሙ ይላላል፣ አንድ እግሩን ከእርካብ ያወጣል። በአማርኛ ጥላ እስኪዞር የፈጀው ነገር በአገውኛ በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። "ማንኛውም ሰው ከመኖሪያ ቤቱ ራቅ አድርጎ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዲቆፍር በጥብቅ ታዟል" ያለው ወደ አገውኛ ሲዞር "ቆፍሩ፤ አለዚያ መጥተው ያስቸግሩናል" ይሆናል። በአማርኛ ሲናገር መንግሥት ነው፤ በአገውኛ ሲናገር ጎረቤት ነው። በሁለቱም ቋንቋ ግን መዝጊያው አንድ ነበር። እጁን ዘርግቶ፣ መዳፉን ገልብጦ፣ "እኔ አላልሁም፤ መንግሥት ነው ያለው" ይላል።

ይህ ቃል ከአፉ ተለይቶት አያውቅም። ፈረሱ የሰው ማሳ ገብቶ ሲበላ ሳይቀር መዳፉን ሊገለብጥ ቃጣው ብለው የሚምሉ ሰዎች አሉ።

የጉድጓዱ ነገር ከተነሳ ጎረቤታችን ክንዴን አልረሳውም። ክንዴ በአዋጁ መሠረት ጥልቅ፣ ደረቅና ያማረ ጉድጓድ ቆፈረ። ከቆፈረ በኋላ ዳሩ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። አባቶቻችን ገብስ የሚያስቀምጡት በጉድጓድ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ለሌላ ነገር ማዋል ነውር ሆነበት። ስለዚህ ገብሱን ሞላበት። ተቆጣጣሪው መጥቶ ክዳኑን ሲያስነሳ እስከ አፉ ድረስ ገብስ ነው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ተቆጣጣሪው።

አዝመራው ኮፍያውን አውልቆ በፍጹም ጭምትነት "ጌታዬ፣ ገና አልተጠቀሙበትም" አለ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከወንዙ ማዶ ፈንጣጣ የገባው። ማዶና ወዲህ አንድ ሕዝብ ነን። ተጋብተናል፣ በደቦ አብረን እናርሳለን፣ የምንቀበረውም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ክረምት ካልሆነ በቀር ወንዙን እንደ ደጃፍ እንሻገረዋለን። አዝመራው ጥሩምባውን ነፋ። የአዲስ ቅዳም ገበያ ተዘግቷል፤ ወንዝ መሻገር፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ ክልክል ነው፤ ከዳንግላ የሐኪም ረዳቱ ድሬሰር ሲመጣ ሁሉም ክንዱን ሰጥቶ ይከተብ፤ ያልታዘዘ ይቀጣል። መዳፉን ገለበጠ። "እኔ አላልሁም፤ መንግሥት ነው ያለው።"

"እንግዲያው ያለው ሰውዬ ይምጣና ወንዙን ይጠብቅ!" አለ ክንዴ ከሕዝቡ መሐል። ሳቅ ሆነ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ገበያው ከኮረብታው ጀርባ ቆመ። የተዘጋው የአዲስ ቅዳሙ ነው እንጂ የኮረብታው መቼ ተዘጋ? ስለ ክትባቱም ወሬ ተነዛ። ክንዱ ላይ ምልክት ያለበት ሁሉ ተቆጥሮ ኮንጎ ይዘምታል ተባለ። ለመዝመት የደረሰ ወንድ ልጅ የሌላቸው ሴቶች ሳይቀሩ ፈሩ።

ከዚያ ሽባባው ሞተ። ሽባባው የባለቤቴ የስሜነሽ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቤቱ ከማዶ ነው። አንድ ሰው ከወዲያ ዳር ሆኖ መርዶውን ጮኾ ነገረን። ስሜነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ከቤት ሦስት ልጆች አሉን፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም። "ተይ፣ ልጆቹስ?" አልኋት። እንዳልሰማች አለፈችኝ። ጎረቤቶቻችን ተከተሏት፤ ፈረስ ያለውም ፈረሱን ጭኖ ወጣ። ወንድም ሞቶ ለቅሶ አለመድረስ እኛ ዘንድ ሟቹን ሁለተኛ መግደል ነው። እኔ ከኋላዋ እየሄድሁ የማስበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ወንዙን ከተሻገረች ማታ ምን ይዛ ወደ ልጆቼ ትመለሳለች?

መሻገሪያው ላይ አዝመራው ቆሞ ነበር፤ ብቻውን፣ ያለ ፈረስ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ።

"በሕግ አምላክ!" አለ።

ይህ ቃል ሲጠራ ጠበኛ ዱላውን ያወርዳል፤ የሚሸሽ ሌባም ይቆማል። ሁላችንም ቆምን። ስሜነሽም ቆመች፤ አንደበቷ ግን አልቆመም።

"የማን ሕግ ነው፣ አያ አዝመራው?"

"የመንግሥት ነዋ።"

"መንግሥት ወንድም አለው?"

አዝመራው መሻገሪያውን እንደ ዘጋ ቆመ።

"ከሌለው አያውቅም። ዞር ይበሉልኝ።"

አንድ እግሯ ውሃ ውስጥ ገብቷል። እሱ ኮፍያውን አወለቀ። መዳፉን ይገለብጣል ብዬ ስጠብቅ ደረቱ ላይ አኖረው።

"ስሜነሽ፣ እይኝ" አለ፤ በአገውኛ ነው። "ይህን መንግሥት አላለም። እኔ ነኝ ያልሁት። አዝመራው ነው ያለሽ።"

ቀና ብላ አየችው። ያን ፊት ስንት ዓመት ስንስቅበት ኖረን፣ ያን ዕለት ግን ሁላችንም እንደ አዲስ አየነው።

"እኔ ከጎጆዋ ተኝቼ ስቃጠል እናቴ ከአጥር ውጭ ነበረች። ማንም አልያዛትም፤ ሕግ አላስቆማትም። ታናናሾቼ ከቤት ነበሩ። እኔን አቅፋ ወደ እነሱ ብትገባ ኖሮ ዛሬ ወንድምም እህትም የለኝም። እናት ናት፣ ስሜነሽ! እናት ሆና ከአጥር ውጭ ቆመች። አንቺ ከእሷ የበለጠ አትወጂም፤ ከእሷም አታንሺም።"

"ታዲያ ወንድሜ እንደ ውሻ ይቀበር?"

"ማን አለ? ለቅሶው ይሁን! ወዲያኞቹ እስከ ወንዙ ይውረዱ፤ እኛም እዚህ ነን። ውሃው ብቻ መካከላችን ይሁን።" ወደ ማዶ ዞሮ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ የሽባባውን ሚስት ተጣራ። "የሻረግ ሆይ! ፈረሱን ይዛችሁ ውረዱ! የሽባባው ለቅሶ እዚህ ነው!"

ስሜነሽ እግሯን ከውሃው አወጣች። እኔ ባሏ በቃል ያላቆምኋትን፣ ሕግም ያላቆማትን፣ ያ ሰው አቆማት።

የሽባባው ሚስት የሻረግ ልጆቿን ይዛ ወረደች፤ ማዶኞቹ ተከተሏት። አንድ ፈንጣጣ የተወው ሽማግሌ የሟቹን ፈረስ አስጊጦ፣ ጋሻውን ከኮርቻው አንጠልጥሎ፣ በውሃው ዳር መራው። በዚህኛው ዳር ደግሞ ፈረሰኞቻችን በሰልፍ ሄዱ። ፈረስ ከፈረስ ጋር ከወዲያና ከወዲህ እኩል ይራመድ ነበር። ስሜነሽ የወንድሟን ሙያ እያነሳች ስታለቅስ የሻረግ ከማዶ ትቀበላታለች፤ የአንዷ ቃል ሲያልቅ የሌላዋ ይነሳል። ወንዙ ድምፃቸውን እንዳያውክ የፈራ ይመስል በቀስታ ይወርድ ነበር። አዝመራው ከውሃው አልወጣም። መሐል ቆሞ ከነፋሱ የተነሳ ያልተሰማውን ቃል ወዲህና ወዲያ ያደርሳል። እስከ ፍጻሜው እንደዚያ ቆመ። ትልቅ ሹም አይቻለሁ፣ ነጋሪት ሲጎሰምም ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሹም ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ድሬሰሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛፍ ሥር ተሰበሰብን፤ ፊተኛ የሚሆን ጠፋ። አዝመራው እጅጌውን ሰብስቦ ቀረበ።

"አባቴ፣ እርስዎ እኮ ፈንጣጣ ወጥቶልዎታል፤ አያስፈልግዎትም" አለው ወጣቱ ድሬሰር።

"ዝም ብለህ ውጋ! ለእኔ መሰለህ?" አለ በሹክሹክታ። የእሱ ሹክሹክታ እስከ ኮረብታው ይሰማል። ከዚያ ክንዱን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ "ኮንጎ የምትሄዱ ተከተሉኝ!" አለ። ሳቅ ፈነዳ። እየሳቅን ተሰለፍን። ስሜነሽ ትንሿን ልጃችንን አዝላ ከሴቶቹ ፊት ቆመች፤ ክንዴ ከኋላዋ።

ከዚያ ወዲያ ወንዙን የተሻገረ አልነበረም። የኮረብታው ገበያ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ለማዶኞች የሚሆን ዱቄትና ድንች ከወንዙ መሐል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ እናስቀምጥና እንመለሳለን፤ እነሱ ወርደው ይወስዳሉ። አዝመራው ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዙ ዳር እየቆመ ቤት ለቤት ይጣራል።

"የሻረግ! አላችሁ ወይ?"

"አለን!"

"በዛብህ! አለህ ወይ?"

"አለሁ!"

ያልመለሰ እንደ ሆነ ወደ ሌላው ቤት አያልፍም። እስኪመልሱ ድረስ ያንኑ ስም ይጠራል። መጀመሪያ ሰሞን "ደግሞ ይኸ አፈ መንግሥት ጀመረ" እያልን እንስቅ ነበር። በኋላ ግን የማዶኞቹን "አለን!" ሳይሰማ እራት የሚቀርብበት ቤት ጠፋ። ማዶ ብዙ ሰው ሞተ፤ ያን አልሸሽግም። ወደ እኛ ግን ፈንጣጣው አልተሻገረም። ሦስቱ ልጆቼ አድገው ልጅ ወለዱ።

ዘመን አልፎ፣ አዝመራው ዓይኑ ደክሞ፣ ምህረቴም ሞታበት፣ አንድ ቀን ልጠይቀው ሄድሁ። እኔ ያን ጊዜ በስተርጅና ፊደል ለይቼ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሬአለሁ። መንግሥት ሕዝቡን እንዴት ከበሽታ እንዲጠነቀቅ እንዳደረገ የሚያትት ጽሑፍ አነበብሁለት። መመሪያ ይላል፣ ቅስቀሳ ይላል፣ ቁጥጥር ይላል። ጨርሼ "አያ አዝመራው፣ ያን ጊዜ እኛን ያሳመነን የትኛው ነው?" አልሁት።

መዳፉን ገለበጠ። "እኔ አላልሁም፤ መንግሥት ነው ያለው" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ።

"ዓለምነው፣ ያን ዕለት ወንዙ ላይ ያልነገርኋችሁ አለ። እናቴ ቅንጬውን አስቀምጣ ዝም ብላ አትመለስም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሆና 'አዝመራው፣ አለህ ወይ?' ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ለመናገር አቅም የለኝም፤ ሞትም ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ትጠራኛለች፣ ትጠራኛለች። እንድትሄድልኝ ስል 'አለሁ' እላለሁ። እንደዚያ እንደዚያ እያልሁ ኖርሁ። ሳልመልስላት አንድም ቀን አልሄደችም። እኔም ሌላ ያደረግሁት የለም፤ ሳይመልሱልኝ አልሄድሁም።"