ጋሼ ምረቃን ማን ጠራቸው?

ማንኛውም ከተማ ውሃ ሊጠፋበት፣ መብራት ሊጠፋበት፣ ከንቲባም ሊጠፋበት ይችላል። አንድ ሰው ግን አይታጣበትም፤ ሳይጠራ የሚመጣው የክብር እንግዳ።

የእኛውን ጋሼ ምረቃ እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመብራት ቆጣሪ እያነበቡ በየቤቱ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፤ ስለዚህ የማያውቁት በር፣ የማያውቃቸውም ውሻ የለም። ቆጣሪው ቢቀርም ዙረቱ አልቀረም። ፋርማሲ ይከፈት፣ የጎማ መሸጫ ይመረቅ፣ የጥርስ ሐኪሙ አዲስ ወንበር ያስገባ፣ እርሳቸው ከፊተኛው ረድፍ መሃል ተቀምጠው ይገኛሉ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለው ለእርሳቸው ይመስለኛል። አንድ ቀን ደፍሬ ማን እንደጠራቸው ብጠይቅ፣ «ልጄ፣ ጥሪ እኮ ለእንግዳ ነው» አሉኝ ብስኩታቸውን እየገመጡ።

አገባባቸው ራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው ያያሉ። ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ የባለቤቱን እጅ ጨብጠው ሳይለቁ፣ «እኔ እኮ ይሄ ቦታ ሥራ እንደሚያምርበት ድሮም ተናግሬያለሁ!» ይላሉ። ለማን እንደተናገሩ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ሪባን ሲቆረጥ አንደኛው ጫፍ እንዴት እጃቸው እንደሚገባም እንዲሁ።

ንግግራቸውማ ሌላ ነው። «ክቡራትና ክቡራን! ብዙ አልናገርም» ሲሉ ልምድ ያለው ሰው ወንበር ፍለጋ ይሄዳል። የመኪና ባትሪ መሸጫው የተመረቀ ዕለት ስለ እናት ፍቅር ተናግረው ሁለት መካኒኮች አስለቅሰዋል። በየሱቁ የተሰቀሉትን የምረቃ ፎቶዎች እዩ፤ ባለሀብቱ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ባለሥልጣኑ ወደ ጎን ዞሯል፣ ጋሼ ምረቃ ግን ሱቁ የእርሳቸው እንደሆነ ሁሉ ፈገግ ብለዋል።

እህቴ የልብስ ስፌት ቤቷን ስትከፍት ታዲያ በር ላይ እኔን አቆመችና፣ «አደራ፣ ያ ሰውዬ እንዳይገባብኝ» አለችኝ። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቀኑ እንዲህ በቀላሉ እንዲበላሽባት የምትፈቅደው አልነበረም። የቢሮ ሥራዋን የለቀቀች ጊዜ አማቷ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ «ደግሞ በመርፌ ቤት ሊቆም!» ብለው ስቀውባታል። ዛሬ እኚሁ አማት እጃቸውን አጣጥፈው ጥግ ይዘዋል። እህቴ የጠራቻቸው፣ ሰው ሁሉ ሲመጣላት እንዲያዩ ነበር።

ሰው ግን አልመጣም። ለካ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ሆቴል የሚመረቀው በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ነው። የሙዚቃ ባንዱ ይመታል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ መኪናው ተሰልፏል። የጠራናቸው ሰዎች ከማዶ እጃቸውን እያውለበለቡ «መጣን፣ መጣን!» ይሉንና ወደ ሆቴሉ ይገባሉ። የተከራየናቸው ወንበሮች እንደተደረደሩ ቀሩ። እህቴ ከኬኩ ላይ ዝንብ ታባርራለች።

አማቷ ሰዓታቸውን አዩና፣ «ወንበሮቹን ለምን አትመልሷቸውም? በከንቱ ኪራይ ከሚቆጥር» አሉ።

እህቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ያ ሰውዬ እንኳ አይመጣም?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሼ ምረቃ ከሆቴሉ በር ወጥተው መንገዱን ሲሻገሩ ያየሁት ትንሽ ቆይቶ ነው። እዚያ የምሳው ጠረጴዛ ገና መከፈቱ ነበር። በራችን ላይ ቆሙ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ። ወንበሮቹን ሲያዩ ፊታቸው ቅንጣት አልተለወጠም። ሄደው ፊት ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ያለ ድምፅ ማጉያ ሆቴሉን የሚያስንቅ ድምፅ አወጡ።

«ክቡራትና ክቡራን! ብዙ አልናገርም! ከኋላ ያላችሁ፣ አትጋፉ እባካችሁ፣ ለሁሉም ይደርሳል! በር ላይ ያላችሁ፣ መንገድ ልቀቁ እንጂ!»

ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ። በር ላይ ማንም የለም። መንገደኛው ግን ይህን በምን ያውቃል? አንዲት ሴት ግፊያው ምን እንደሆነ ለማየት አንገቷን ብቅ ስታደርግ፣ «ነይ እናቴ፣ ላንቺማ ቦታ አይጠፋም!» ተብላ ከፊት ተቀመጠች። ቀጥሎ ሁለት አስተማሪዎች ገቡ፤ ቀጥሎ «ምን ተገኘ?» ያለ ጎረቤት ሁሉ። ቤቱ ጢም አለ ብዬ አልዋሽም፤ ግማሽ ያህል ግን ሞላ። ጋሼ ምረቃ ስለ ክርና ስለ ትዳር ሲናገሩ አማትየው ራሳቸውን ረስተው አጨበጨቡ። መጀመሪያ የገባችው ሴትዮም የልጆቿን ዩኒፎርም ልታሰፋ ተነጋግራ ሄደች።

ሰው ሲበተን እህቴ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ኮትዎን ያውልቁልኝ» አለች። ብብቱ ሥር ተተርትሮ ነበር። እምቢ ቢሉም አልሰማቻቸውም። ያለ ኮት አይቻቸው አላውቅም። በሸሚዝ ሲቀሩ ትከሻቸው አነሰ፣ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው።

«ያን የመሰለ ምሳ ትተው እንዴት መጡ?» አልኳቸው።

«እዚያማ ሰው ሞልቷል» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «እኔ ብቀር ማን ያውቃል?»

እህቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «እዚህ ሳይመጡ ቢቀሩ እኔ አውቅ ነበር» አለቻቸው፤ አለችና መስፋቷን ቀጠለች።

ጋሼ ምረቃ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እወዳቸዋለሁ። ፊት ለፊት እንዳልነግራቸው ግን አመስግነው አይጨርሱም።