ሄራ ኮንኮርድ ገባች

የጥንት ግሪኮች ለሁሉም ነገር አምላክ ነበራቸው፤ ለባሕሩ፣ ለጦርነቱ፣ ለወይን ጠጁ። ጋብቻን እንድትጠብቅ የሾሟት ሴት አምላክ ሄራ ትባላለች። ሙሽሮች በስሟ ይምላሉ፣ ባለትዳሮች ለእሷ ይሳላሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሹመት ሲሰጡ የተሿሚዋን ቤት አንድ ጊዜ ጎራ ብለው ቢያዩት ምን ነበረበት? ባሏ ዜውስ የአማልክቱ ሁሉ አለቃ ነው፤ ግን ቆንጆ ባየ ቁጥር አንዴ በሬ፣ አንዴ ወፍ እየሆነ ከቤት ይሰወራል። የሰው ትዳር ስትጠብቅ የምትውለው ሴት ቤቷ ስትገባ የምታገኘው ይህንን ነው። እናንተ ብትሆኑ እሷን አማላጅ ትልኩ ነበር? እኔ እልክ ነበር። ትዳሩ ደህና የሆነለት ሰው ስለ ትዳር ምን ያውቃል?

ይህን ሁሉ የነገረችኝ የእትዬ ወይንሸት ልጅ ሊዲያ ናት። እትዬ ወይንሸት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ የሙሽራ ልብስ ያከራያሉ። ማከራየት ብቻ ግን እንዳይመስላችሁ። በእነዚያ ዓመታት ከኦክላንድ እስከ ሳንሆዜ እሳቸው ያልገቡበት ሠርግ ተደግሶ አያውቅም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ልጅቷን ከልጁ የሚያስተዋውቁ እሳቸው፣ የሙሽራዋን ዓይነ ርግብ፣ ቬሉን፣ የሚያስተካክሉ እሳቸው፣ ጥንዶቹ ሲኳረፉ መኪና አስነስተው የሚደርሱም እሳቸው። የአዲስ አበባው ክርስቲያንም የወሎው ሙስሊምም እኩል ይጠራቸው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሳንሆዜ ሠርግ ነበር። ባለቤታቸው ጋሽ ተካ እንደ እኔው ሹፌር ናቸው፤ ኦክላንድ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ነው የተዋወቅነው። በዚያ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን እንዲመክሩ ማይክ ተሰጣቸው። ጋሽ ተካ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዝምተኛ ሰው ማይክ ሲይዝ መፍራት ነው።

«የኔ ልጅ» አሉት ሙሽራውን፣ «እኔ ትዳሬን ያቆየሁት ባለመስማት ነው። እሷ ታወራለች፣ እኔ ስለ ትራፊክ አስባለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ስቄያለሁ። እትዬ ወይንሸት ከሙሽራዋ ኋላ ቆመው ነበር፤ ፈገግ አሉ፣ ቬሉን አስተካከሉ፣ ድግሱን እስከ መጨረሻው አስተናገዱ። በማግስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ኮንኮርድ ከተማ፣ የሊዲያ አፓርታማ ገቡ።

ጋሽ ተካ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ገና «ለልጅዎ ሲሉ» ብለው ሲጀምሩ እትዬ ወይንሸት አቋረጧቸው። «ይቺን ንግግር ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። ቀጥሎ የሚመጣው ‹ሰው ምን ይላል› ነው፤ እሱን ዝለሉትና ሻይ ጠጡ።» ሌሎች ተላኩ፤ እነሱም ሻይ ጠጥተው ተመለሱ። ሁሉንም ሲሸኙ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «እሱ እግር የለውም?» ሽማግሌዎቹ ታዲያ ይህን ስድብ መስሏቸው ለጋሽ ተካ አያደርሱም። አያችሁ ጨዋነት የሚያመጣውን ጣጣ!

ጋሽ ተካ ሰውነታቸው ከሳ። ሚስቴን አልሰማም ያሉ ሰው የቤቱ ጸጥታ አላስቀምጥ ብሏቸው፣ በራቸው ላይ መኪናቸውን አቁመው ሬዲዮ ሲሰሙ ይቆያሉ።

በዚህ መሃል ሊዲያን ከባርት ባቡር ጣቢያ ወደ ቤቷ ሳደርሳት፣ ኮሌጅ ስለ ግሪክ አማልክት ክላስ እየወሰደች እንደሆነ ነገረችኝ።

«አንክል፣ ማሚ እኮ ሄራ ናት! ኤግዛክትሊ!» አለችና አንድ ታሪክ ጨመረችልኝ። ሄራ አንድ ጊዜ ባሏን ጥላ ሄደች። ዜውስ ሰዎች የመከሩትን ሰምቶ ከእንጨት ሴት አስጠረበ፤ ቬል አልብሶ በጋሪ ጫናትና «ላገባ ነው» ብሎ አስወራ። ሄራ እየሮጠች መጥታ ቬሉን ቀደደችው። እንጨት! ሳቀች፤ ታረቁ።

ይህን የመሰለ መድኃኒት ይዤ ዝም ልል ነው? በማግስቱ ቴሌግራፍ ላይ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ለጋሽ ተካ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«እንጨት አግባ ነው የምትለኝ?» ብለው ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ምክሬ እዚያው በቀረ ነበር። ነገር ግን አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች «ጋሽ ተካ»፣ «ቬል» እና «አግባ» የሚሉ ቁርጥራጮች ደርሰዋቸዋል። ወሬው በቫይበር ከከተማ ከተማ ወደ ደቡብ ወረደ። ሳንሊያንድሮ ላይ እንጨቷ ሴት ሆነች። ሄይዋርድ ስትደርስ በነርስነት ተመረቀች። ፍሪሞንት ስትደርስ ሳክራሜንቶ ውስጥ ቤት ገዛች። ሳንሆዜ ስትገባ የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ የሳንሆዜ ሹፌር መጥቶ ጋሽ ተካን አቀፋቸው። «እንኳን ደስ ያለዎት! ነርስ ናት አሉ!»

የጋሽ ተካ ፊት አመድ መሰለ። «ወይንሸት ከሰማች አለቀልኝ» አሉ፤ ተራቸውን ትተው፣ ተራራው ውስጥ ያለውን የመኪና ዋሻ አቋርጠው ኮንኮርድ በረሩ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ሊዲያ ናት። በሩ ሲከፈት ጋሽ ተካ ሰላምታም አልሰጡ።

«ውሸት ነው! ነርስ የለችም!»

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ ወይንሸት። «ስልኬ ሲጮህ ነው የዋለው። መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ሰው ነርስ ያገባል?»

«ከ... ከሰማሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሽማግሌ አልቆብህ ነው?»

ጋሽ ተካ መሬት መሬት አዩ። «ሠርጉ ላይ ያልኩት ውሸት ነው፣ ወይንዬ። መንገድ ላይ ስውል የማስበው አንቺ ጠዋት ያልሽኝን ነው። ሰው ሲስቅልኝ ጊዜ ደስ አለኝ፤ በማን እንደሚስቅ አላየሁም።»

«የተናገርከው ሰው ፊት ነው።»

«ሰው ፊት እመልሰዋለሁ።»

እትዬ ወይንሸት ሻንጣቸውን አወጡ። የግሪኮቹ ሄራ ሮጣ መጣች፤ የእኛዋ ግን ዜውስን አስሮጠችው። በሚቀጥለው ሠርግ ጋሽ ተካ ማይኩን ራሳቸው ጠየቁ። «ባለፈው የቀለድኩት ልክ አልነበረም። ሚስቴ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ። ዛሬም አሳጥረው ብላኛለች» ብለው ተቀመጡ። ከሁሉ በፊት ያጨበጨቡት እትዬ ወይንሸት ናቸው።

ሳንሆዜ ላይ ግን ጉዳዩ አልተዘጋም። «ያቺ ምስኪን ነርስስ? ቃል ገብቶላት እንዲሁ ቀረች?» የሚሉ በዙ። የለችም ብዬ ብምል ለጓደኛዬ የምሸፍን መሰላቸው። በመጨረሻ አንዲት ደግ እናት ሱቁ ድረስ መጥተው፣ የሰው ልጅ ዕንባ ደግ አይደለም ብለው እትዬ ወይንሸትን ገሠጹ። እትዬ ወይንሸት ከያዙት ቀሚስ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላቸው።

«አይጨነቁ እማማ፣ እሷንማ ድሬያታለሁ። ሳንዲያጎ ናቸው።»

ባለፈው ሰሞን ነርሷ መንታ መውለዷን ሰማሁ።