የሰውን ቅባት የሚበሉት ዶክተር ሜትር

ሰው በሚሠራበት ቤት ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ሐኪም አይጠፋም። ነጭ ጋዋን የለውም፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍም ረግጦ አያውቅም። ብቻ ሰው ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ከየት መጣ ሳይባል ከች ይላል።

ልብስ የሚተኩሰው ባለካውያ በሚሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ይሄን ሹመት የያዙት ጨርቅ ቆራጩ ናቸው። ቀጭን ናቸው፤ እንዴት ልበላችሁ፣ በጎን ሲቆሙ የሚታየው መነጽራቸው ብቻ ነው። የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሠራተኛው "ዶክተር ሜትር" ይላቸዋል። ስሙ ለሹፈት እንደወጣ አያውቁም፤ ወይም እያወቁ ወደውታል።

ሕክምናቸውም በሜትር ነው። ጠዋት ባለካውያው ካውያውን ሳያግል ከኋላው መጥተው ወገቡን በሜትሩ ጥምጥም ያደርጉታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ኮሌስትሮልህ ጨምሯል።"

"ጋሼ፣ የለኩት እኮ ሱሪዬን ነው።"

"ሱሪው ውስጥ ያለው ማን ነው ታዲያ?"

ሰው ይስቃል። ባለካውያው ወፍራም ነው፣ አይክድም። ግን አባቱ በልብ ሕመም ድንገት ነው የሞቱት፤ ሌላው የሚስቅበት ነገር እሱ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ማታ ደረቱን ዳበስ ሳያደርግ አይተኛም።

ምሳ ሰዓት ደግሞ ፍተሻ አለ። ክቡር ዶክተር በየሰዉ የምሳ ዕቃ ላይ ያጎነብሳሉ። የተጠበሰ ድንች ካዩ "ይሄ የደም ሥር ይደፍናል" ብለው ያነሱታል። ስብ ያለው ሥጋ ካዩ "ይሄማ ለጠላትም አይሰጥ" ብለው ያነሱታል። የት ይጥሉታል? የትም። ይበሉታል። እዚያው ቆመው፣ ጣታቸውን እየላሱ።

"እኔ ምን እሆናለሁ፣ ከሲታ ነኝ። ኮሌስትሮል ማረፊያ ይፈልጋል፤ እኔ ላይ የት ይረፍ?"

ቁልፍ ተካይዋ አንድ ቀን የተጠበሰ የዶሮ ቆዳዋን ሲወስዱባት፣ "እርስዎ እኮ ሐኪም አይደሉም፣ ቀረጥ ሰብሳቢ ነዎት" አለቻቸው።

"ስትድኚ ታመሰግኚኛለሽ" አሏት፣ ቆዳውን እያላመጡ።

ለባለካውያው የሚተርፈው ጎመንና ምስር ነበር። በዚያ ላይ አሳንሰር ተከልክሏል። የተተኮሰውን ልብስ ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ፣ እሳቸው በአሳንሰር ቀድመውት ላይ ቆመው ይጠብቁታል። "በአፍህ አትተንፍስ፣ በአፍንጫህ።" ቀጭን ሰው ስፖርት ምን ይሠራለታል።

በኋላ ከጤና ጣቢያ ነርስ መጥታ የሠራተኛውን ደም ወሰደች። ባለካውያው ሽንት ቤት ሊደበቅ ሲል ዶክተር ሜትር እጁን ይዘው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ለአርአያነት ብለውም የራሳቸውን ክንድ ዘረጉ።

ውጤት ይዛ ስትመለስ ባለካውያውን "ደህና ነህ፤ እንደያዝከው ቀጥል" አለችው። ለዶክተር ሜትር ግን ወንበር ሳበችላቸው።

"አባቴ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በጣም ከፍ ብሎብዎታል።"

"ተቀያይሮ ነው። ይሄ የሱ ነው።" ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። "ወገቤን ለኪ።"

"በወገብ አይታወቅም፤ ያለው ደም ውስጥ ነው። ጉበት ራሱ ይሠራዋል፣ በዘርም ይመጣል፣ ቅባት ደግሞ ይጨምረዋል። ቀጭን ነው ብሎ አይምርም። የተጠበሰ ነገር ምን ያህል ይበላሉ?"



"የሁላችንንም" አለች ቁልፍ ተካይዋ።

ነርሷ ቅባት ይቀንሱ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ያብዙ፣ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ካልወረደ መድኃኒት ይጀመርልዎታል አለቻቸው። እሺ አሉ። የሰሙ ግን አይመስሉም።

ሜትሩ መሳቢያ ገባ። ዶክተር ሜትር ከጨርቁ ጥቅል ጀርባ ተደብቀው ምሳ መብላት ጀመሩ፤ በዘይት የተጠበሰ እንቁላል ሽታ ከዚያ ይመጣል። የጠየቃቸውን ሁሉ "አንዴ ሆኗል፣ አሁን ምን ይጠቅማል" ይሉታል።

ሠራተኛው ሳቀባቸው። ባለካውያውም ሳቀ፣ ለምን ይዋሻል። ያን ሰሞን የምሳ ዕቃውን ሲከፍት ከጎመኑ አጠገብ ስብ ያለው ሥጋ አለ። ያ የለመደው እጅ እስኪመጣ ጠበቀ። አልመጣም። አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። አባቱ ትዝ አሉት። እሳቸውን እንዲህ የሚነዘንዝ አንድም ሰው አልነበረም።

ብድግ ብሎ ሜትሩን ከመሳቢያ አወጣ። ከጥቅሉ ጀርባ ዞረና የእንቁላሉን ሳህን ከእጃቸው ወሰደ፤ በምትኩ ጎመኑን አስቀመጠላቸው።

"ልትበላብኝ ነው?"

"አልበላም ጋሼ፤ እኔ እንደርስዎ ጀግና አይደለሁም።" ሜትሩን አንገታቸው ላይ አደረገላቸው። "ሲጨርሱ ይነሱ፤ ደረጃ አለብን።"

"እኔ እኮ ከሲታ ነኝ።"

"አዎ፣ ከሲታ ነዎት። ይብሉና ይነሱ።"

እያጉረመረሙ ተነሱ። ባለካውያው ልብሱን ተሸክሞ ቀደመ። እሳቸው ግማሽ ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። ባለካውያውም ቆሞ ጠበቃቸው። ትንሽ ቆይቶ ያ ጠፍቶ የነበረው ድምፅ ከታች መጣ፦

"አንተ ሰውዬ፣ አሁንም በአፍህ ነው የምትተነፍሰው፤ ስንቴ ልንገርህ?"

ባለካውያው አፉን ዘጋ።